ፈቃድህን የሚጠብቀው ጫማ

ለምወድህ ወንድሜ ለሙሄዲን ሀምዱ፣ አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርህ ጎንህ ተሻለው ወይስ የጂዳ ሙቀት አስረሳው? እንቅልፍህስ? ምግብ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ጎርሰህ ትሮጣለህ? አብረውህ ያሉት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ አልሀምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን። ደብዳቤ ላይ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። እኔ ግን ልዋሽህ አልፈልግም፤ ናፍቆቱ «በቀር» ተብሎ ወደ ጎን የሚተው አልሆነልኝም። ናፍቀኸኛል ሙሄ፣ ክፉኛ ናፍቀኸኛል።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ዘይኑልአቢዲን ነው። ለእህቱ ሠርግ መጥቶ ነበር፤ ነገ ወደ ጂዳ ተመላሽ ነው። ስልክህን ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላህ ይወቀው። አንዱ ቁጥር ዝግ ነው ይላል፤ ሌላውን አንድ የማላውቀው ሰውዬ አንስቶ በዓረብኛ ጮኸብኝ። እኔም በአማርኛ መለስኩለት፣ አልቀረበትም። ሰላምታህ በሰው በሰው ይደርሰናል፤ ድምፅህን ከሰማን ግን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ስለዚህ ዘይኑን ወላሂ አስብዬዋለሁ። ደብዳቤውን ሰጥቶህ ብቻ አይሄድም፤ አንብበህ እስክትጨርስ ፊት ለፊትህ ቁጭ ይላል። ከውስጡ የታጠፈ ባለ ቀለም ወረቀት ታገኛለህ። በሞቴ፣ እሱን አሁን አትክፈተው። መጀመሪያ የምልህን ስማ።

ደሴ ጋሽ በላቸው ማተሚያ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እዚያው አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ፣ ጁምዓን ከእምዬ ጋር ውዬ ቅዳሜ ጧት እመለሳለሁ። በምትኩ እሁድ እሠራለሁ። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ የሠርግ መጥሪያ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የቢዝነስ ካርድ ማዘጋጀት ነው። የሠርግ መጥሪያ ላይ የምስላቸው ጽጌረዳዎች አሁን አሁን በሕልሜም መምጣት ጀምረዋል። የመጽሐፍ ሽፋን ግን እስከዚህ ዓመት ድረስ ሠርቼ አላውቅም ነበር። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ልጅ ሆኜ ደብተሮችህን በሥዕል ስሞላብህ፣ ይህቺ ልጅ አንድ ቀን ስሟ መጽሐፍ ላይ ይወጣል ብለህ ለእምዬ የነገርካት አንተ ነህ።

በመጋቢት ወር መምህር ወንድምአገኘሁ የሚባሉ ሰው መጡ። እዚሁ ኮምቦልቻ ፊዚክስ ያስተምራሉ። የጻፉት መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። እንዴት ላስረዳህ? አምስት ስድስት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ሹፌር፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ እህል ነጋዴ። በሩን እከፍታለሁ ትላለህ፤ እንደ ሉዶ ዳይስ ትጥላለህ፤ ከበሩ ጀርባ ምን እንደሚጠብቅህ ዳይሱና ተራኪው ይወስኑልሃል። ነገርየው ሁሉ ሰውን ለማስፈራራት የተሠራ ነው። ሰው ደግሞ ቤቱ ያለው ፍርሃት አንሶት ለመፍራት ይሰበሰባል ወይ ብዬ ስቄ ነበር። ግን አንድ ጁምዓ አመሻሽ ላይ ተማሪዎቻቸው ሲጫወቱት አይቼ አፌን ያዝኩ። የመጽሐፉ ስም «ስንት ነን?» ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ መንገድ የተዘጋባቸው ተሳፋሪዎች አንድ ባዶ ቤት ይጠለላሉ። በየጊዜው ራሳቸውን ይቆጥራሉ። አንዴ አንድ ሰው ይተርፋል፣ አንዴ አንድ ሰው ይጎድላል። ማን እንደጎደለ ግን የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ በፎቶ ኮፒ አባዝተውት ነበር። ሽፋኑ ላይ የራስ ቅልና ሁለት አጥንት፣ ደም የሚንጠባጠብ ፊደል። የአንዱ ተማሪ እናት ጠረጴዛ ላይ አይተውት የአይጥ መርዝ መስሏቸው፣ ከሊጥ አጠገብ ይቀመጣል ወይ ብለው ልጃቸውን ተቆጥተው ቁምሳጥን ላይ ሰቀሉት አሉ። ተማሪዎቹ ደግሞ የመብራት ትራንስፎርመር ላይ ያለውን የአደጋ ምልክት ስለመሰላቸው «ትራንስፎርመር» የሚል ስም አወጡለት። አሁን መምህሩ በደንብ ሊያሳትሙት ነው፤ ሽፋኑን የሚያስፈራ አድርጊልኝ አሉኝ።

ጅብ ሳልኩ፤ ዓይኑ ቀይ፣ ጥርሱ የገጠጠ። ጅብማ ሁልጊዜ ከቤታችን ጀርባ ይጮሃል፣ ማን ይፈራዋል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ትንሿ እህታችን ሰልዋ እንኳ ስታየው ውይ ሲያምር አለች። የሐረጎን ጉም አደረግኩ፤ የቀን መቁጠሪያ መሰለ። የተሰነጠቀ መስኮትና ከኋላው አጮልቆ የሚያይ ሰው አደረግኩ፤ ይህን ሌላ ቦታ አይቼዋለሁ አሉ። ጋሽ በላቸው በየመሀሉ ብቅ እያለ ደም ጨምሪበት ይለኛል። ደም ለሱ እንደ በርበሬ ነው፤ ያልጣመ ነገር ሁሉ በሱ የሚቃና ይመስለዋል። ሦስተኛውን ሲመልሱብኝ ግን፣ ንዴቴን ታውቀዋለህ፣ ታዲያ ለምን ራስዎ አይስሉትም አልኳቸው። ሰውዬው አልተቀየሙኝም። ሌላው ሰው የሚፈራውን ተይው፤ አንቺ ራስሽ ቤትሽ ውስጥ ስታዪው ልብሽን የሚመታው ነገር ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝና ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ።

ያን ሐሙስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ግቢ ገባሁ፣ ቀና ስል ከሰማያዊው በራችን ፊት፣ ደረጃው ላይ፣ ጥቁሩን ባለ ማሰሪያ ጫማህን አየሁት። ሁልጊዜ አየዋለሁ እኮ! እምዬ ከዚያ ቦታ ማንም እንዳያነሳው ብላለች። ባለፈው መስከረም የጤና ኤክስቴንሽኗ አጎበር ልታድል መጥታ ስንት ናችሁ ስትል፣ እምዬ ዓይኗን ሳታሽ አምስት አለች። ልጅቷ እኛን ቆጠረች፤ እምዬ፣ አባዬ፣ እኔ፣ ሰልዋ። አራት። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ጫማህን አየችና አምስት ብላ ጻፈች። እኔም ብሆን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ የግቢውን በር ስከፍት ልቤ «መጣ!» ይላል። መልሶ ደግሞ ይወድቃል። በነዚህ በሁለቱ መሀል ያለችውን ትንሽ ጊዜ ነው የምፈራት። ጅቡም ጉሙም ምንም አይደሉም። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ጫማህን ፎቶ አነሳሁት። አትሳቅብኝ።

አሁን ያን የሄድክበትን ቀን ልንገርህ፤ ማንም ነግሮህ አያውቅም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ተረኛ ያደርግህ በነበረ ጊዜ የቤታችንን ደንብ ታስታውሰዋለህ። ጧት ጫማህ በር ላይ ከታየ ገብተህ ተኝተሃል ማለት ነው፣ ድምፅ የሚያሰማ ወየውለት። አንተም ይህን ስለምታውቅ ነው ጫማህን በር ላይ ትተህ በሸበጥ የሄድከው። ማንም ሳይፈልግህ ብዙ መንገድ እንድትሄድ። ብልጥ! እንዴት እንደሠራልህ ግን አታውቅም። እምዬ ደጋን ሄዳ ለቅሶ ደርሳ አድራ ረፋድ ላይ ገባች። ጫማውን አየች። አባዬን ሬዲዮኑን አስዘጋችው። ሰልዋ ገመድ ስትዘል ጎረቤት ሰደደቻት። ከሰል የሚያዞረውን ሰውዬ በር ድረስ ወጥታ በእጇ ዝም አሰኘችው። ምሳህን በሳህን ከድና አስቀመጠችልህ። እኛም በሹክሹክታ በላን።

ከዝሁር ሶላት በኋላ መርፌ ፈልጌ መጋረጃህን ገለጥ አደረግኩ። አልጋህ ተነጥፏል። ቦርሳህ ከሚስማሩ ላይ የለም። ሸበጥህም የለም። ወጣሁ። እምዬ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ፣ መዳፌን ጉንጬ ሥር አስደግፌ፣ ተኝቷል አልኳት። ዋሸኋት ሙሄ። ለምን እንደዋሸሁ እስከዛሬ አላውቀውም። እስኪመሽ ትመለሳለህ ብዬም ይሆናል፤ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ልጇ ቤቷ ይተኛላት ብዬም ይሆናል። አሱር ካለፈ በኋላ አባዬ ለሥራ ሊቀሰቅስህ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም፤ ይቅር።

ሽፋኑ እንግዲህ ከዚያ ነው የመጣው። ሰማያዊ በር፣ የድንጋይ ደረጃ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ከላይ «ስንት ነን?»። ሌላ ምንም የለበትም። ይበልጥ እንዲያስፈራ ብዬ ጫማህን አቧራ አለበስኩት፣ የሸረሪት ድር አደራሁበት፣ አንዱን እግር ደግሞ ገልብጬ ሶሉን ወደ ሰማይ አዞርኩት። መምህሩ አንዴ አቅርበው አንዴ አርቀው አዩትና፣ ደርሰሻል፣ ትንሽ ነገር ብቻ ይቀረዋል፣ ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቀውም አሉ። ጋሽ በላቸው ሶሉ ላይ ጠብታ ደም ብናደርግስ አለ።

ለእምዬ ላሳያት አላሰብኩም ነበር። ሰልዋ ናት ቦርሳዬን በርብራ፣ የሙሄ ጫማ መጽሐፍ ላይ ወጣ እያለች ይዛላት የሮጠችው። ሟርት ነው ትላለች፣ ትቀደዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እምዬ ወረቀቱን ይዛ መስኮቱ ጋ ሄደች። መጀመሪያ ያደረገችውን ብታይ! በአውራ ጣቷ አቧራውን ልትጠርገው ሞከረች። አልጠረግ ሲላት በሻርፗ ጫፍ አሸችው። ከዚያ የተገለበጠውን ልታቃና ወረቀቱን አዞረችው፤ ደህነኛው ተገለበጠባት። መለሰችው፤ ያኛው ተገለበጠ። እንዲህ ስታገላብጥ አንጀቴን በላችው፤ እኔ ደግሞ ሳልወድ ሳቄ መጣ።

ቀና ብላ፣ ተሳስተሻል አለችኝ። ያን ቀን ጫማው ንጹሕ ነበር አለች። ከፋብሪካ የገባ ሰው ጫማ የጥጥ ብናኝ አያጣውም፤ ያን ቀን ግን ተወልውሎ፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ ተከቶ፣ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ነበር። ልጄ ጫማውን ለኔ ብሎ ወልውሎልኝ እንደሄደ በሩ ላይ ስደርስ ነው ያወቅሁት አለችኝ። ገባህ ሙሄ? ታውቅ ነበር! ከረፋድ ጀምራ ታውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ አዋልሽን አልኳት። ድምፅ ካሰማን መሄዱ እውነት የሚሆን መሰለኝ አለች። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ ሳደርግም እኔም እንዳወቅሁ ገብቷት፣ ልጄን አላሳፍራትም ብላ ነው ዝም ያለችው። ሦስት ዓመት ስንዋሻሽ ኖረናል። ተቃቅፈን ለቅሷችንን ለቀቅነው፤ ሰልዋ ግራ ገብቷት እሷም አለቀሰች።

እንባዋን ስትጠርግ ግን እምዬ ጠየቀችኝ፤ ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ? አልገባኝም። ሳይጠየቅ የሚወሰደው የሞተ ሰው ዕቃ ነው፤ የኔ ልጅ በሕይወት አለ፣ ስለዚህ ጫማው መጽሐፍ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይጠየቃል አለች። ማንን ልጠይቅ፣ ስልኩን አያነሳ ብዬ ጮህኩባት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። አባዬ ከጥግ ሆኖ፣ ጻፊለት አለ። አባዬን ታውቀዋለህ፣ አንድ ቃል ከተናገረ የዚያ ወር ንግግሩ አበቃ።

ደሴ ተመልሼ እንዳለችኝ አደረግኩ። አቧራውን አነሳሁ፣ ድሩን አጠፋሁ፣ የተገለበጠውን አቃናሁ፣ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ከተትኩ፣ ጫማው ዛሬ ጧት የተወለወለ አስመሰልኩት። መምህሩ ሲያዩት ክንዳቸውን አሹ፤ ፀጉራቸው ቆሞ ነበር። ይሄ ጫማ የሚጠብቀው ሰው አለ እኮ አሉ። ጋሽ በላቸው እንኳ ስለ ደም አላነሳም። እኔ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይታተምም አልኩ። ጋሽ በላቸው ጫማ ደግሞ ምን ባለቤት አለው ብሎ ግቢውን ቀወጠው። መምህሩ ነገሩን ስነግራቸው እስከ ሰኔ አሥራ አምስት እጠብቃለሁ አሉ። ከዚያ ካለፈ ወይ ሌላ ሽፋን እሠራለሁ፣ ወይ ያ ትራንስፎርመር ተመልሶ ይወጣል።

አሁን የታጠፈውን ክፈተው። አየኸው? ዘይኑ ነግሮኛል፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የለኝም፣ ተደብቄ ነው የምሠራው፣ ምን ይዤ ነው የምደውለው ትላለህ አሉ። ማን ይዘህ ደውል አለህ? እምዬ ካንተ አንድም ነገር ጠይቃ አታውቅም። አሁን ግን ጠየቀች፤ ጠይቂልኝ ያለችው ይህን ብቻ ነው። ለኔ እንዳትመልስ። በዘይኑም በኩል እንዳትልክ። ራስህ ደውለህ፣ ለራሷ፣ በድምፅህ ንገራት። እፈቅዳለሁ ብትል መጽሐፉ ይታተማል፣ ስሜም ይወጣል። አልፈቅድም፣ ጫማዬን ምን አቅብጧችሁ ነካችሁት ብለህ ብትቆጣም አልከፋም፤ ሽፋኑን ቀድጄ ሌላ እስላለሁ። ቁጣህንም ናፍቃለች። ዝም ካልክ ግን፣ ሙሄ፣ ማን ሳይጠየቅ ዕቃው እንደሚወሰድ እሷ ራሷ ተናግራለች። እንዳታደርግባት። ያን ቀን ዝም ያልነው ይበቃናል።

አባዬ ሰላም ብሎሃል። ሬዲዮኑን እስከዛሬ ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰማው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ሰልዋ ሰላም ትልሃለች፤ ስድስተኛ ክፍል ሆናለች፣ ስትመጣ ገመድ ብዘል ትቆጣኛለህ ወይ ብላ ጠይቂልኝ ብላለች። የዘይኑ እናት ዱዓ ታደርግልሃለች። እኔም አለሁ፣ ዛሬም ጁምዓ ነውና ቤት ነኝ፣ ይህንን የምጽፍልህ ደረጃው ላይ ከጫማህ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። እምዬ ደግሞ አሁን ከውስጥ ወጣች፣ ጨርቋን ይዛለች፣ ወልውላው ልትገባ ነው። ምን ልበልልሽ አልኳት። እግሩ አሁንም አርባ አንድ ነው ወይስ ጨምሯል፣ እሱን ጠይቂልኝ አለች። ጎንበስ ብላ መወልወል ጀምራ ደግሞ፣ ጫማው ደህና ነው፣ እግሩን ብቻ ይዞ ይምጣ በይልኝ አለችኝ።

እህትህ ኡሙሰልማ ሀምዱ
ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 17 ቀን 2004 ዓ.ም.